የሚመዘነው ሥራው ነው ወይስ አነጋገሩ?

ስለ ፕሮግራም ባለሙያዎች አቀጣጠርና ስለ ተፈታኞች ዝግጅት



በዛሬው ጊዜ አንድ የንግድ ቤት ያለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራውን አቃንቶ ለመምራት እንደሚቸገር የታወቀ ነው። አስመጪው የመጋዘኑን ዕቃ፣ ላኪው የጭነቱን ሰነድ፣ ባለ ሱቁ የዕለት ሽያጩንና የዱቤ መዝገቡን የሚይዘው በዚሁ መሣሪያ ሆኗል። ስለዚህም ከዚህ ቀደም ሒሳብ ያዥ፣ የመጋዘን ጠባቂና ሾፌር ብቻ እንቀጥር የነበርን ነጋዴዎች ዛሬ ፕሮግራም የሚጽፍ ባለሙያም ወደ መቅጠር ደርሰናል። ሾፌሩን መሪ አስይዘን፣ ሒሳብ ያዡን መዝገብ አስከፍተን እንፈትናለን። ፕሮግራም ጻፊውን ግን በምን እንደምንፈትነው ገና በቅጡ አላወቅንም። ባለማወቃችንም የሚደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። ይህንንም የምናገረው ከሰው ሰምቼ ሳይሆን በገዛ ቤቴ ደርሶ ስላየሁት ነው።

እኔ በመርካቶ የከባድ መኪና መለዋወጫ አስመጪ ነኝ። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. የመጋዘናችንን ዕቃ የሚቈጣጠር ፕሮግራም የሚሠራልን ባለሙያ ፈልገን ማስታወቂያ አወጣን። ከቀረቡት መካከል አንድ ወጣት ነበር። ሦስት ሆነን ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠን ተቀበልነው። ሰላምታ ከሰጠን በኋላ ዐይኑን ከጠረጴዛው ላይ አላነሣም። በመስኮቱ በኩል የተሸካሚዎች ድምፅና የመኪና ጥሩምባ ይገባ ስለ ነበር ደጋግሞ አንድ ጆሮውን በእጁ ይሸፍናል። «ስለ ራስህ ንገረን» ብለው፣ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ጋሼ፣ የትኛውን ልንገርዎት?» ሲል መልሶ ጠየቀኝ። ከጓደኞቼ አንዱ ሣቀ። ቀጥለንም በሰሌዳ ላይ እየጻፈ፣ የሚያስበውንም በቃሉ እየተናገረ አንድ ጥያቄ እንዲሠራልን አዘዝነው። ሁለት መስመር ከጻፈ በኋላ እጁ ቆመ። በመጨረሻ የሥራውን ዐይነት እንዲያይ ብለን ከዕቃ ዝርዝራችን አንድ ገጽ ብንሰጠው፣ እኛ እርስ በርሳችን ስንነጋገር እርሱ እርሳስ አውጥቶ ገጹን ሲያከብ ቆየ። «ቅልጥፍና የለውም» የሚል ቃል በፋይሉ ላይ ጽፈን አሰናበትነው። በምትኩም አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሌላ ሰው ቀጠርን።

ሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ዓመታዊውን የዕቃ ቈጠራ ስናደርግ ግን፣ በብዙ ደጅ ጥናት ባገኘነው የውጭ ምንዛሪ በመጋዘናችን ሞልቶ የተቀመጠውን ዕቃ ደግመን ያስመጣን ሆነን ተገኘን። ምክንያቱም ከሁለት አገር አቅራቢዎች የመጣው አንዱ ማጣሪያ በሁለት የተለያየ ቁጥር ተመዝግቦ ስለ ነበር፣ ፕሮግራሙ አንዱን ዕቃ እንደ ሁለት ቈጥሮ «አልቋል» ይለን ነበር። የቀድሞውን ፋይል ባገላብጥ ያን ገጽ አገኘሁት። ወጣቱ 11 ጥንድ ቁጥሮችን በእርሳስ ከብቦ፣ ከግርጌው «አንድ ዕቃ፣ ሁለት ቁጥር» ብሎ ጽፎ ኖሯል። እኛ አነጋገሩን ስንመዝን እርሱ ሥራውን ሠርቶ ሄዶ ነበር።

እንዲህ ያሉትን ሰዎች በሚመለከት ጥቂት ማስረዳት ይገባል። የሰው ልጅ መልኩ እንደሚለያይ ሁሉ የአእምሮው አሠራርም ይለያያል። ኦቲዝም ያለበት ሰው የሰውን ፊት ማንበብና ዐይን ለዐይን መተያየት ሊከብደው፣ ድምፅና ብርሃን ሊያውከው ይችላል። ትኩረትን መሰብሰብ የሚቸግረው ሰው አንድን ነገር ለመጀመር ወይም ጊዜውን ለመጠበቅ ይቸገራል፤ የወደደውን ሥራ ከያዘ ግን ሰዓቱ ሲያልፍ እንኳ አያውቀውም። ዲስሌክሲያ የተባለው የማንበብ ችግር ያለበትም ሰው ፊደሉ እየተምታታበት ቢያዘግምም አሳቡ የተሟላ ሊሆን ይችላል። ባለሙያዎች እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም «ኒውሮዳይቨርጀንት» ይሏቸዋል፤ የአእምሮ አሠራራቸው ከብዙኃኑ የተለየ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይሠራ ይሁን። ኦቲዝም ያለበት ሁሉ የኮምፒዩተር ሊቅ ነው ማለት ሐሰት ነው። እነርሱም እንደ ማናችንም ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው፤ ጐበዝም ሰነፍም አላቸው። የእኛ ክርክር፣ ጐበዙ ከሰነፉ የሚለየው በሥራው እንጂ በአቀማመጡ አይሁን የሚል ብቻ ነው።

በአገራችን ስለ ኦቲዝም በግልጽ ለመናገር ከደፈሩት ሰዎች መካከል አንዷ ነጋዴ እንደ ነበሩ ሳናስታውስ ማለፍ አይገባም። የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ያቋቋሙት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ የገዛ ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት መሆኑን ካወቁ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የኒያ ፋውንዴሽንንና የጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሥርተው እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ በዚሁ ሲደክሙ ኖረዋል። ያኔ ተደብቀው ያድጉ ከነበሩት ልጆች መካከል ዛሬ ሥራ ፈላጊ የሆኑ አሉ። ከእነርሱም ሌላ ስሙ ሳይነገራቸው፣ ምንነቱንም ሳያውቁት፣ ኮሌጅ ጨርሰው በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የሚመላለሱ ጥቂት አይደሉም።

እንግዲህ ይህ የፈተና አኳኋን ከወዴት መጣ ቢባል፣ ከአሜሪካ የኮምፒዩተር ኩባንያዎች የተቀዳ ነው። ተፈታኙ በሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ ፈታኞቹ እያዩት፣ እያሰበ እየተናገረ ይጽፋል። ይህ ዘዴ በገዛ አገሩ ተመርምሮ ጉድለቱ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች 48 የኮምፒዩተር ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው ተመሳሳይ ጥያቄ ሰጧቸው። ገሚሶቹ በፈታኝ ፊት በሰሌዳ ላይ፣ ገሚሶቹ ብቻቸውን በተዘጋ ክፍል ሠሩት። በፈታኝ ፊት የሠሩት ውጤታቸው ብቻቸውን ከሠሩት ከግማሽ በታች ወረደ። ከሴቶቹ መካከል በሰው ፊት የተፈተኑት አንዳቸውም ሳይሳካላቸው ሲቀር፣ ብቻቸውን የተፈተኑት ሁሉም አለፉ። የተፈታኞቹ ቁጥር ጥቂት ቢሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ፈተናው ከዕውቀት ይልቅ በሰው ፊት አለመደንገጥን ይመዝናል ማለት ነው። ማንኛውም ተማሪ እንዲህ ከተጐዳ፣ በሰው መታየት በተፈጥሮው የሚከብደው ምን ያህል እንደሚጐዳ መገመት አያዳግትም።

ዐይንን ስለ መስበር የምናወርደው ፍርድ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። በአባቶቻችን ጊዜ አንድ ወጣት በታላቅ ሰው ፊት ዐይኑን ዝቅ ቢያደርግ «ጨዋ ያሳደገው» ይባል ነበር፤ ዐይን ዐይን ማየት ድፍረት ነበረ። ዛሬ ግን ከውጭ በመጣ የቃለ መጠይቅ መመሪያ ተመርተን፣ ዐይኑን ያልተከለውን ሁሉ «የሚደብቀው ነገር አለ» እንላለን። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ የተሰጠበት ምልክት እውነተኛ ሚዛን ሊሆን ከቶ አይችልም።

በሌላው ዓለም ያሉ ነጋዴዎች ይህን ካወቁ ቆይተዋል። በዴንማርክ በቴሌኮሙኒኬሽን ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ቶርኪል ሶነ፣ ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት ከተነገራቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 ስፔሻሊስተርነ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ይህ ኩባንያ ሠራተኛ ሲመርጥ ቃለ መጠይቅ ከማብዛት ይልቅ ተፈታኞቹ በሌጎ ኩባንያ መገጣጠሚያ ትንንሽ ሮቦት እየሠሩ ሲያስቡ ይመለከታል። የጀርመኑ ኤስ.ኤ.ፒ. እ.ኤ.አ. በ2013፣ ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2015 ኦቲዝም ያለባቸውን ባለሙያዎች የሚቀጥሩበት ልዩ መንገድ ከፈቱ። የማይክሮሶፍቱ መንገድ የአንድ ሰዓቱን ጥያቄና መልስ ትቶ ብዙ ቀን በሚፈጅ ሥራና ልምምድ ላይ የተመሠረተ ነው። እነዚህ ኩባንያዎች ትርፍና ኪሳራቸውን የሚያሰሉ ነጋዴዎች ናቸውና፣ ይህን ያደረጉት ሌላው ገበያተኛ ያላየውን ዕቃ ቀድሞ እንደሚገዛ ሰው እንጂ ለምጽዋት ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

እኛም ብንሆን ይህ ዘዴ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። የቡና ላኪዎቻችን ይህንን ከማንም በላይ ያውቁታል። የቡና ደረጃ የሚወጣው ናሙናው ተወስዶ፣ ጥሬው ታይቶ፣ ከዚያም ተቈልቶና ተፈልቶ ሲቀመስ ነው። ሻጩ በቅምሻው ክፍል ቆሞ ስለ ቡናው እንዲናገር የሚጠይቀው የለም። ከይርጋ ጨፌ የመጣውን ቡና ባለቤቱ ተንተባትቧልና ደረጃው ይነስ የሚል ቀማሽ ቢገኝ በማግሥቱ ከሥራው ይወጣል። በፕሮግራም ጻፊው ላይ ግን ይህንኑ እናደርጋለን።

ስለዚህ ለነጋዴ ወንድሞቼና እኅቶቼ የማቀርበው አሳብ ቀላልና ወጪ የሌለበት ነው።

1ኛ/ ፈተናው እንዴት እንደሚካሄድ ለተፈታኙ ሁሉ አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገር፤ ስንት ሰው እንደሚጠይቅ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ መሆኑ ይገለጽ።

2ኛ/ በሰሌዳ ፋንታ ኮምፒዩተርና ጸጥ ያለ ክፍል ተሰጥቶት፣ ከሱቃችን የተወሰደ እውነተኛ ሥራ ብቻውን ሠርቶ ከዚያ በኋላ ያስረዳ።

3ኛ/ «ስለ ራስህ ንገረን» በሚል ፋንታ «ከዚህ ቀደም የሠራኸው ፕሮግራም ምን ይሠራል? ምንስ አስቸገረህ?» ተብሎ ይጠየቅ።

4ኛ/ ነጥቡ የሚሰጠው አስቀድሞ በተጻፈ መመዘኛ ይሁን፤ «ቅልጥፍና» የሚባል ቃል ከመመዘኛው ይሰረዝ።

ይህ አሠራር ለሁሉም ተፈታኝ እኩል ስለሚደረግ ማንንም አያበላልጥም፤ ማንም ሰው የሕመም ታሪኩን እንዲናገር አያስገድድም።

አሠሪው ይህን እስኪያደርግ ድረስ ግን ተፈታኙ እጁን አጣጥፎ ሊጠብቅ አይችልም። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላልና፣ ከአንባብያን ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ይህንን ብታነቡለት እወዳለሁ። የሚከተለውን የጻፍሁት ራሳቸው በዚህ መንገድ ካለፉ ባለሙያዎች ጠይቄ ነው።

በመጀመሪያ፣ የማታውቀውን ፈተና የምታውቀው አድርገው። ከቀኑ በፊት ለቀጣሪው አጭር ደብዳቤ ጽፈህ የፈተናውን ዐይነት ጠይቅ። ይህ ነውር አይደለም፤ ገዢ የዕቃውን ናሙና እንደሚጠይቅ ያህል ነው። የሚቻል ከሆነም ከአንድ ቀን በፊት ሄደህ ሕንፃውንና መግቢያውን እይ፤ በፈተናው ቀን እንግዳ የሚሆንብህ ነገር ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ ዕውቀቱን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ አጥና። ፈታኞች የሚወዷቸው ጥያቄዎች ብዙ ቢመስሉም ሥራቸው ጥቂት ነው፤ ዝርዝርን መፈለግና መደርደር፣ የቁልፍ መዝገብን መጠቀም፣ እንደ ዛፍ የሚቀጣጠል መረጃን መከተል የሚባሉት ናቸው። ለምሳሌ «ከ1,000 ደረሰኞች መካከል ሁለት ጊዜ የተመዘገበውን አውጣ» ቢባል፣ እያንዳንዱን ደረሰኝ ከሌላው ሁሉ ጋር ማስተያየት 499,500 ጊዜ ማነጻጸርን ይጠይቃል። ያየኸውን ቁጥር በቁልፍ መዝገብ እየያዝህ ብታልፍ ግን 1,000ውን አንድ ጊዜ መመልከት ይበቃል። በፈተናውም ላይ መጀመሪያ ቀላሉንና ረጅሙን መንገድ ጻፍ፤ ከዚያ አሳጥረው። ፈታኙ የሚፈልገው ይህንኑ እርምጃ ማየት ነው። ትኩረት መሰብሰብ የሚቸግርህ ከሆንህ በሰዓት መቍጠሪያ 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት እያልህ፣ ቢቻል ዝም ብሎ አጠገብህ የሚቀመጥ ሰው ይዘህ አጥና። ብቻን ያልተጀመረ ሥራ ሰው ባለበት ይጀመራል።

ሦስተኛ፣ እየሠራህ መናገርን እንደ ሌላ ትምህርት ለይተህ ተለማመደው። እኅትህን ወይም ጓደኛህን ከፊትህ አስቀምጠህ፣ ሰሌዳ ይዘህ፣ ሰዓት ቈጥረህ ደጋግመህ ሥራ። ዕውቀቱ ኖሮህ ምላስህ የሚታሰርብህ ቦታ የቱ እንደ ሆነ በዚህ ይታወቅሃል። ማሰብና መናገር በአንድ ጊዜ የማይሆንልህ ከሆነም አስቀድመህ «እባክዎ አምስት ደቂቃ ዝም ብዬ ልሥራ፤ ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ አስረዳለሁ» በል። ይህች ዐረፍተ ነገር በቃልህ ትጠና። ያልተነገረ ዝምታ አለማወቅ ይመስላል፤ የተነገረ ዝምታ ግን ሥራ መሆኑ ይታወቃል።

አራተኛ፣ ወሰን ለሌለው ጥያቄ ወሰን ያለው መልስ አዘጋጅ። ከሠራኸው ሥራ አራት ወይም አምስት አጫጭር ታሪክ ጻፍ፤ ችግሩ ምን ነበር፣ ምን አደረግህ፣ ምን ውጤት ተገኘ በሚል ሦስት መስመር ይበቃል። «ስለ ራስህ ንገረን» ቢሉህ ከእነዚህ አንዱን ትናገራለህ። ጥያቄው ካልገባህ «እንደገባኝ ከሆነ የሚጠይቁኝ ይህ ነው» ብለህ መልሰህ አረጋግጥ። ዐይን ማየት ከከበደህም የምትሠራበትን ወረቀት ከፈታኙ ጋር አብራችሁ ተመልከቱ፤ የሁለታችሁም ዐይን በሥራው ላይ ያርፋል።

አምስተኛ፣ የሚያስፈልግህን ጠይቅ። ስለ ተፈጥሮህ መናገር ወይም አለመናገር የራስህ ፈንታ ነው። የሕመም ስም ሳትጠራ «ጥያቄው በጽሑፍ ይሰጠኝ»፣ «ጸጥ ያለ ክፍል ቢሆን እመርጣለሁ»፣ «ቀስ ብዬ ስለማነብ ጥቂት ጊዜ ይጨመርልኝ» ማለት ይቻላል። በአሜሪካና በብሪታንያ የሚሠሩ ወይም ከዚህ ሆነው ለእነዚያ አገር ኩባንያዎች የሚፈተኑ ወጣቶቻችን፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግና በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ እንዲህ ያለውን ማስተካከያ ከፈተናው በፊት ለመጠየቅ የሚያስችሉ መሆናቸውን ይወቁ። በአገራችንም በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568 ከአካልና ከስሜት ሕዋሳት ጉዳት ጋር የአእምሮን ጉዳት ጨምሮ፣ አሠሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያዛል።

በመጨረሻም፣ ከፈተናው እንደ ወጣህ የተጠየቅኸውን ሁሉ በዚያው ቀን ጻፍ፤ ለሚቀጥለው መማሪያ ይሆንሃል። ባይሳካልህም «አልረባም» አትበል። አንድ ገዢ ባለመግዛቱ ዕቃውን ከሱቁ አውጥቶ የሚጥል ነጋዴ የለም።

ይህንን ሲያነቡ «ንግድ ከሰው ጋር መነጋገር ነው፤ ደንበኛ ማነጋገር የማይችለውን ቀጥረን ምን እናደርጋለን?» የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ለባንኮኒው ሰው ስትቀጥሩ ነገሩ እውነት ነው፤ አነጋገሩም ሥራው ነውና ይመዘን። ዳሩ ግን የመጋዘን ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ከደንበኛ ጋር አይከራከርም። ከእኛ ጋር መግባባት እንደሚያስፈልገው አይካድም፤ ይኸውም በጽሑፍና በተወሰነ ሰዓት ቢሆን ይበቃል። እንዲያውም በጽሑፍ የታዘዘ ሥራ ለክርክር ስለማያመች ለሁላችንም ይጠቅማል።

ያን ወጣት ከቈጠራው በኋላ አፈላልጌ አግኝቼዋለሁ። በሌላ የንግድ ቤት ተቀጥሮ የዕቃ መዝገባቸውን ይመራል። ይቅርታ ጠይቄ ወደ እኛ ይመጣ እንደ ሆነ ብጠይቀው «ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፤ እዚህ ጥያቄውን በጽሑፍ ይሰጡኛል» ብሎ መለሰልኝ። ጥፋቱ የእኔ፣ ትርፉ የሌላ ሰው ሆነ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሰሌዳው ከፈተናው ክፍል ወጥቷል፤ ተፈታኝም ሁሉ ከመጋዘናችን ዝርዝር አንድ ገጽና አንድ እርሳስ ይሰጠዋል።

ክቡራን ነጋዴዎች፤ በሚቀጥለው ወር ፕሮግራም ጻፊ ለመቅጠር ማስታወቂያ የምታወጡ ከሆነ፣ ጥያቄያችሁን አስቀድማችሁ በወረቀት ጻፉት፤ ለተፈታኙም ከቀኑ በፊት ላኩለት። የሚጠይቀው የአንድ ሰዓት ድካም ነው።